የእቴቴ ኮርቲሶል 3.4 ነበር

የላቦራቶሪው ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አንድ መስመር ብቻ ነው የተጻፈበት፤ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን፣ 3.4 ማይክሮግራም በዴሲሊትር። ከጎኑ መደበኛው መጠን ታትሟል፤ ከ2.3 እስከ 11.9። ቀጥሎ ውጤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ምልክት የሚደረግበት ዓምድ አለ፤ ባዶ ነው። አክስቴ እቴቴ ያንን ወረቀት ይዘው ቤት በገቡ ቀን ቤተሰቡ በሙሉ «ተመስገን፣ ሆርሞኑም ደህና ነው» አለ። እሳቸው ግን የቤታችንን ደረጃ ወጥተው እስኪጨርሱ መሀል ላይ ቁጭ ብለው ማረፍ ነበረባቸው።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። መሣሪያው በትክክል ለክቷል፤ የተነጻጸረበትም መጠን ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የታወቀ መጠን ነው። እቴቴም በእርግጥ ታመዋል፤ ያውም ሊገድላቸው በሚችል በሽታ። እነዚህ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ እንዴት እውነት ሊሆኑ እንደቻሉ እስኪገባኝ ድረስ ነገሩ ሲከነክነኝ ከረመ። ከገባኝ በኋላ ደግሞ የደም ምርመራ ውጤት ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው ነገር ሆነ።

## ሁሉም ምልክት ሰበብ ነበረው

እቴቴ የሚኖሩት ጎጃም ውስጥ፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለ ቀበሌ ነው። ድካሙ የጀመራቸው በሑዳዴ ነበር። ጾመኛ ሰው ደከመኝ ቢል ማን ይደነግጣል? ፋሲካ አለፈ፣ ድካሙ ግን አላለፈም። ክብደታቸው ሲቀንስ፣ ባለቤታቸውን ከቀበሩ ዓመት ስላልሞላቸው ሐዘን ነው ተባለ። ማቅለሽለሽና የሆድ ቁርጠት ሲጨመርበት ጨጓራ ሆነ። ሰውነታቸውን ሲቆረጣጥማቸው ታይፎይድና ታይፈስ ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ከተቀመጡበት ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልምባቸው ጀመር፤ ደም ማነስ ነው ተብሎ ቀይ ሥርና ጎመን በየማዕዱ ቀረበላቸው። ጠበልም ተጠመቁ።

ፊታቸው ጠቆረ፤ የገጠር ፀሐይ ነው ተባለ። የመዳፋቸው መስመሮች ጠቆሩ፤ ምድጃ የማይለየው እጅ ስለሆነ ይሆናል ተባለ። ድዳቸው ከወትሮው ይልቅ ጠቁሯል፤ ነገር ግን እቴቴ እንደ ብዙ የአገራቸው ሴቶች በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋልና ልብ ያለው አልነበረም። ጨው አምሯቸው ሽሮውም ድንቹም ላይ ይነሰንሱ ነበር። ቡናቸውን ግን ድሮም የሚጠጡት በጨው ነው። ስለዚህ ስኒው ውስጥ የሚገባው ጨው እጥፍ መሆኑን ያስተዋለ ሰው አልተገኘም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል። ነገር ግን ለመጠርጠር ምክንያት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ምልክት በአኗኗራችን ውስጥ ጨዋ ማብራሪያ ነበረው። ጾሙ ድካሙን፣ ሐዘኑ ክሳቱን፣ ንቅሳቱ የድዱን ጥቁረት፣ የቡናው ልማድ የጨውን አምሮት ሸፈነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው፤ እቴቴ ግን ምንም አልደበቁም። በሽታቸው ፊታቸው ላይ፣ መዳፋቸው ላይ፣ ስኒያቸው ውስጥ ተገልጦ ነበር። የጎደለው ነገር አንድ ላይ የሚሰበስበው ሰው ነው።

እነዚህን ምልክቶች ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ የሰበሰባቸው ሰው ቶማስ አዲሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በሽታውም በስሙ የአዲሰን በሽታ ይባላል። ለንደን በሚገኘው ጋይስ ሆስፒታል ያያቸውን አሥራ አንድ ሕሙማን ታሪክ በ1855 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ በእኛ አገር ዳግማዊ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም በነገሡበት ዓመት መሆኑ ነው። ድካም፣ የልብ ምት መዳከም፣ የሆድ ሕመም፣ የቆዳ መጥቆር፤ ከሞት በኋላ አስከሬናቸው ሲመረመር ደግሞ ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ተበላሽተው ተገኙ። ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ ገና አልተፈጠረም ነበር። አዲሰን የደም ምርመራ አልነበረውም። የነበረው ዓይንና ትዕግሥት ነው።

## «ደሙ የተቀዳው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

እቴቴን አዲስ አበባ ያየቻቸው የሆርሞን ሐኪም ወጣት ነች። ወረቀቱን ስሰጣት ቁጥሩን ከማየቷ በፊት ወደ እቴቴ ዞረች።

«እናቴ፣ ይህ ደም የተቀዳው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነው ልጄ። ቀጠሮው ስምንት ሰዓት ነው ስላሉኝ ምሳዬን ቀማምሼ ሄድሁ።»

ሐኪሟ ዝም አለች። ከዚያ ቀደም ያለውን የማዘዣ ወረቀት ጠየቀችኝ፤ ፈልጌ ሰጠኋት። ከምርመራው ስም አጠገብ በእጅ ጽሑፍ 8:00 ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለም። ማዘዣውን የጻፈው ሐኪም በተማረበት መጽሐፍ አቆጣጠር ስምንት ብሎ ነበር፤ ይኸውም በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ቀጠሮ የሰጡት ሠራተኛ ደግሞ እንደ አገሩ ሰው አነበቡት፤ ከቀኑ 8 ሰዓት። ላቦራቶሪው ደሙ ከሰዓት በኋላ መቀዳቱን ስላወቀ የከሰዓት በኋላውን መደበኛ መጠን ከጎኑ አተመ። ሁሉም ሥራቸውን ሠርተዋል። በመሀላቸው ስድስት ሰዓት ጠፋ።

እነዚያ ስድስት ሰዓታት ለብዙ ምርመራዎች ምንም አይደሉም፤ ለኮርቲሶል ግን ሁሉም ነገር ናቸው። ኮርቲሶል ቀኑን ሙሉ በአንድ ልክ አይፈስም። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል መውጣት ይጀምራል፤ ሰው ከእንቅልፉ በሚነቃበት ሰዓት አካባቢ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀኑ በገፋ ቁጥር ይወርዳል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከሁሉም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ ጤነኛ ሰው ሊኖረው የሚገባው መጠን፣ በዚያው ዓይነት መለኪያ፣ ከ6.2 እስከ 19.4 ገደማ ነው። 3.4 ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ብዙ ጤነኛ ሰው ዘንድ ሊገኝ የሚችል ቁጥር ነው። ያው 3.4 ጠዋት ላይ ቢገኝ ሐኪም ከመቀመጫው የሚያስነሣ ነው። ለሁሉም ጊዜ አለው የሚለው ቃል በደም ሥር ውስጥም ይሠራል ማለት ነው።

«ይህ ውጤት ታመዋልም አልታመሙምም አይለኝም» አለች ሐኪሟ። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገችና እቴቴን አፍዎን ይክፈቱልኝ አለቻቸው። በባትሪ ድዳቸውን አየች።

«ድድዎን የተነቀሱት መቼ ነው?»

«ኧረ በልጅነቴ ነው። ሳልዳር በፊት።»

«ጉንጭዎንስ በውስጥ በኩል ተነቅሰዋል?»

እቴቴ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ጉንጩን በውስጥ የሚነቀስ ማን አለ ልጄ!»

ሐኪሟ ባትሪውን እንደያዘች ጠራችኝና አሳየችኝ። በጉንጫቸው ውስጥ፣ መርፌ ነክቶት በማያውቅ ቦታ፣ እንደ ሰማያዊ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ተበትኗል። የነቃሿ እጅ እዚያ አልደረሰም፤ ፀሐይም አልደረሰም፤ የምድጃ ጢስም አልደረሰም። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለእያንዳንዱ ምልክት የነበረን ማብራሪያ በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። እርግጥ ነው፣ በእኛ ቆዳ ላይ የድድና የአፍ ጥቁረት በጤነኛ ሰውም ላይ ይገኛል፤ ሐኪሟም ይህን ነገረችኝ። አዲስ የመጣና እየጨመረ የሄደ፣ ከመዳፍ መስመሮች፣ ከጣት መገጣጠሚያዎችና ከአሮጌ ጠባሳዎች መጥቆር ጋር የተገናኘ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ተኝተው የነበራቸው የደም ግፊት 95 በ60፣ ሲቆሙ 75 በ50 ሆነ። በዚያው ቀን በደማቸው የተለካው፣ የጨው ንጥረ ነገር የሆነው ሶዲየም 126፣ ፖታሲየሙ 5.9። ጤነኛ ሰው ሶዲየሙ ከ135 በላይ፣ ፖታሲየሙ ከ5 ብዙም ያልዘለለ ነው። ጨው ያማራቸው ለካ ሰውነታቸው ጨው መያዝ አቅቶት እየፈሰሰበት ስለነበር ነው።

## የሚጣራውና የሚመልሰው

አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች እያንዳንዳቸው ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝኑ፣ ከኩላሊቶቻችን አናት ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከውጫዊ ክፍላቸው ኮርቲሶል ይወጣል፤ ሰው ሲታመም፣ ሲቆስል፣ ሲራብ የደም ግፊቱንና በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ደግፎ የሚያቆየው እሱ ነው። ከዚያው ክፍል አልዶስቴሮን የተባለው ይወጣል፤ ጨውን ይዞ ፖታሲየምን በሽንት ያስወግዳል። የኮርቲሶሉ ሥራ ግን በዕጢዎቹ ፈቃድ ብቻ አይካሄድም። አንጎል ሥር አተር የምታህል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች፤ ኤሲቲኤች የተባለ ሆርሞን በደም ትልካለች፤ አድሬናል ያንን ሲቀበል ኮርቲሶል ያመነጫል።

ሐኪሟ ያዘዘችው አዲሱ ምርመራ የኤሲቲኤች ነበር፤ ከኮርቲሶል ጋር በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ክንድ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ። ሁለቱ ለምን አብረው መለካት እንዳለባቸው ሲገባኝ የምርመራው ነገር ሁሉ ተገለጠልኝ። ከደጅ ቆሞ የሚጣራ እንግዳ አስቡ። ከውስጥ «አቤት» የሚለው ሲያገኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ መልስ ሲያጣ እየደጋገመ፣ እየጮኸ ይጣራል። ኤሲቲኤች ጥሪው ነው፤ ኮርቲሶል መልሱ። መልሱን ብቻ የሰማ ሰው ቤቱ ለምን ዝም እንዳለ ሊያውቅ አይችልም። የሚመልሰው ታሞ ነው? ወይስ የሚጣራው አልመጣም?

ስለዚህ ኮርቲሶል ዝቅ ብሎ ኤሲቲኤች ከመደበኛው ወሰን እጅግ ከፍ ካለ ጉዳቱ ያለው አድሬናሉ ላይ ነው፤ አዲሰን የጻፈው በሽታ ይህ ነው። ኮርቲሶል ዝቅ ብሎ ኤሲቲኤችም ዝቅ ካለ ደግሞ ችግሩ ወደ አንጎል ሥር ይሄዳል፤ ወይም ጥሪውን ከውጭ የገባ መድኃኒት አፍኖታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኮርቲሶሉ 2 የሆነ ሰው ኤሲቲኤቹ 30 ቢሆን ወረቀቱ ላይ መደበኛ ተብሎ ይታተማል፤ የተለመደው ወሰን ከ7 እስከ 63 ፒኮግራም በሚሊሊትር ገደማ ነውና። ኮርቲሶሉ ያን ያህል በወረደ ሰው ላይ ግን 30 መደበኛ አይደለም። መጮኽ በሚገባበት ሰዓት በለሆሳስ እንደ መናገር ነው፤ ጥፋቱ የሚጣራው ላይ መሆኑን ያሳያል። አንዱ ቁጥር ጤናማ መሆኑ የሚታወቀው ሌላውን አይቶ ነው።

ቆዳን የሚያጠቁረውም ይኸው ጩኸት ነው። ኤሲቲኤች የሚሠራው ከአንድ ትልቅ ፕሮቲን ተቆርጦ ሲሆን፣ ከዚያው ፕሮቲን ቆዳን የሚያጠቁር ሆርሞንም ይወጣል፤ ኤሲቲኤች ራሱ ሲበዛ ቀለም የሚያመርቱትን የቆዳ ሕዋሳት ይቀሰቅሳል። በፒቱታሪ ድክመት የታመሙ ሰዎች ኮርቲሶላቸው ቢወርድም የማይጠቁሩት በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሳነብ ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ያርፋል። ሰውዬው በ1947 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የአዲሰን በሽታ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል፤ በፀሐይ የጠየመ ይባል የነበረው መልካቸውን ብዙ ሐኪሞች ከዚሁ ጋር አያይዘውታል። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዋሽንግተን ላይ ሲቀበሉ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት ነበር በእግራቸው ያቆማቸው። ሕዝባቸው ያየው ጤና የሞላበት ወጣት መሪ ነው።

## በረዶ ላይ

የኤሲቲኤች ምርመራ በገንዘቡም በአያያዙም ከባድ ነው። ሆርሞኑ በደም ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች ቶሎ ይፈርሳል። ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኤዲቲኤ በተጨመረበት የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል፤ በቀዝቃዛ ሴንትሪፊውጅ ፈሳሹ ከደም ሕዋሳቱ ይለያል፤ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ቱቦው ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከቆየ ሆርሞኑ ይጠፋና ቁጥሩ ያለ አግባብ ዝቅ ብሎ ይመጣል። ያ ቁጥር ደግሞ አድሬናሉ የተበላሸበትን ሰው የፒቱታሪ በሽተኛ አስመስሎ ሐኪሙን ወደማይሆን መንገድ ይመራዋል።

የእቴቴን ደም የቀዳው የላቦራቶሪ ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነው። እቴቴ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት የበረዶውን ዕቃ አምጥቶ አጠገባቸው አስቀመጠ፤ ቱቦዎቹንም አስቀድሞ በረዶው ውስጥ ከተታቸው። በቱቦው ላይ ስማቸውን ሲጽፍ ሰዓቱን በቃል ጻፈው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ10። ደሙን ቀድቶ እንደጨረሰ ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ይዞት ሄደ፤ ሲሄድም አልዘገየም። ስለ ጤና አገልግሎታችን ብዙ ምሬት ሰምቻለሁ፣ ብዙውም እውነት ነው። ያን ሰው ግን ሳስብ ደስ ይለኛል። ትክክለኛ ውጤት የሚጀምረው ከመሣሪያው ሳይሆን ከእንዲህ ያለ ሰው እጅ ነው፤ ስሙን ማንም አይጽፈውም፣ ወረቀቱ ላይም አይታተምም።

ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሐኪሟ ውጤቱን አልጠበቀችም። ኮርቲሶሉ በማግሥቱ ቢደርስም ኤሲቲኤቹ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ስለሚመረመር ሳምንታት ይወስዳል። ናሙናው ከተጠበቀ ሕክምናው የሚጠብቅበት ምክንያት የለም ብላ በዚያው ጠዋት እቴቴን አስተኝታ ጨዋማ ፈሳሽና ኮርቲሶልን የሚተካውን መድኃኒት፣ ሃይድሮኮርቲሶንን፣ በደም ሥር አስጀመረቻቸው። በሁለተኛው ቀን እቴቴ ተነሥተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እንጀራ አማራቸው። ወራት ሙሉ ጨው እንጂ ምግብ አምሯቸው አያውቅም ነበር።

የጠዋቱ ኮርቲሶል 2.8 ሆኖ ተመለሰ። ልብ በሉ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ከተቀዳው ከ3.4 ብዙም አይርቅም፤ እንዲያውም ዝቅ ያለ ነው። የታመመ አድሬናል ጠዋትና ማታ አይለይም፤ ከፍ ብሎ መውረድ የሚባለው ነገር ጠፍቷል። ኤሲቲኤቹ ሲደርስ 612 ነበር። በዚያን ጊዜ እቴቴ ጓዳ ገብተው ወጥ ይቀምሱ ነበር።

እርግጠኛ መሆን የሚቻልበት ሌላም ምርመራ አለ። 250 ማይክሮግራም ሰው ሠራሽ ኤሲቲኤች ይወጋና ከ30 ወይም ከ60 ደቂቃ በኋላ ኮርቲሶል እንደገና ይለካል፤ ጤነኛ ዕጢ ወደ 18 አካባቢ ወይም በአዳዲስ መለኪያዎች ትንሽ ዝቅ ወዳለ ቁጥር መውጣት አለበት። መርፌው በወቅቱ አልተገኘም። ኮርቲሶሉ ያን ያህል ወርዶ ኤሲቲኤቹ ከላይኛው ወሰን ከሁለት እጥፍ በላይ ሲሆን ግን ጥርጣሬ የሚተርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። በሲቲ ስካን ሁለቱም ዕጢዎች ላይ የካልሲየም ክምችት ታየ። እቴቴ በወጣትነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ታመው፣ ታክመው ድነዋል። አዲሰን ካያቸው ሕሙማን የብዙዎቹን ዕጢ የበላው ነቀርሳ ነበር፤ በሀብታሞቹ አገሮች ዛሬ ዋናው ምክንያት ሰውነት በራሱ ዕጢ ላይ መነሣቱ ሲሆን በእኛ አገር ነቀርሳውን መርሳት አይቻልም። ሐኪሟ ሪፋምፒሲን እየወሰዱ እንዳልሆነ ደጋግማ ጠየቀች፤ ይህ የነቀርሳ መድኃኒት ጉበት ኮርቲሶልን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ ተዳክሞ የቆየውን ሰው በድንገት ሊጥለው ይችላል።

## ከስቶክሆልም የመጣው ስልክ

ውጤቱን በስልክ ፎቶ አንሥቼ ስቶክሆልም ለምትኖረው ለእቴቴ ልጅ ላክሁላት። እየጮኸች ደወለች። እሷ ያነበበችው መደበኛው ከ140 በታች መሆን የለበትም የሚል ነው፤ እናቷ ደግሞ 2.8። እንዴት በሕይወት አሉ ብላ አለቀሰች። ችግሩ መለኪያው ነው። በስዊድንና በብዙ የአውሮፓ አገሮች ኮርቲሶል የሚጻፈው ናኖሞል በሊትር በሚባለው ነው፤ የእኛው ወረቀት ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነበር። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር በ27.6 ይባዛል። 2.8 በስዊድኑ መለኪያ 77 ገደማ ነው። አሁንም ዝቅተኛ ነው፣ ግን ለመረዳት የሚቻል ዝቅታ ነው። ቤተሰባችን እንደ ብዙ ቤተሰብ በሦስት አህጉር ስለተበተነ የሕክምና ወረቀታችንም አብሮ ይጓዛል፤ ቁጥር ሲላክ መለኪያውም አብሮ መላክ አለበት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። እሷ ራሷ ፊቷን የሚያቀላ ክሬም ትቀባ እንደነበር አውቃለሁ፤ አዲስ አበባ ስትመጣ ከመዋቢያ ሱቅ ትገዛው ነበር። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ክሎቤታሶልን ወይም ቤታሜታሶንን የመሰሉ ብርቱ ስቴሮይዶች፣ ማለትም እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ መድኃኒቶች፣ አሉባቸው። ለወራት በሰፊ ቆዳ ላይ ሲቀቡ ወደ ደም ይገባሉ፤ ፒቱታሪ ሰውነት በቂ ኮርቲሶል ያለው ይመስላታልና ጥሪዋን ታቆማለች፤ አድሬናል ያለ ሥራ ይሟሽሻል። የእንዲህ ያለ ሰው ደም ቢመረመር ኮርቲሶልም ኤሲቲኤችም ዝቅ ብለው ይገኛሉ። ለጉልበት ሕመም የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ፣ ለአስምና ለአለርጂ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ፊት ይከባል፣ ሆድ ይገፋል፣ ክንድና እግር ይቀጥናል። የእኛ ሰው ይህን ሲያይ «ተመችቷታል፣ አማረባት» ይላል፤ እንደገና በሽታው በደግ ቃል ይሸፈናል። ክሬሙ ወይም ክኒኑ በድንገት ሲቆም ደግሞ ያች «አማረባት» የተባለች ሴት እንደ እቴቴ ትወድቃለች። ስለዚህ ከምርመራው በፊት የሚወሰደውን ሁሉ፣ የሚቀባውንም ጭምር፣ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ክኒንም የኮርቲሶሉን ቁጥር ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያልነገሩት ክኒን ዝቅተኛውን ቁጥር ደህና ያስመስለዋል። ለእህቴ ይህን ሁሉ በስልክ አስረዳኋት። ክሬሙን በአንድ ጊዜ እንዳትጥለው፣ ሐኪም አማክራ ቀስ በቀስ እንድትተወው ለመንኋት።

## አሁን ያለው

የሃይድሮኮርቲሶን ክኒን እንደ ልብ አይገኝም። በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ ቢሆንም እኛ በዞርንባቸው መድኃኒት ቤቶች «መርፌው አለ፣ ክኒኑ የለም» የሚል መልስ ነው የሰማነው። እቴቴ በምትኩ በየጠዋቱ 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ። ጨው የሚይዘውን የአልዶስቴሮንን ሥራ የሚተካው ፍሉድሮኮርቲሶን ደግሞ ከስቶክሆልም በሰው ሻንጣ ይመጣል። የሰው ሻንጣ የሰው ሕይወት መንገድ መሆን አልነበረበትም፤ ይህን ስጽፍ እናደዳለሁ።

ስለ ጾም ራሳቸው እቴቴ ናቸው የጠየቁት። የንስሐ አባታቸው መድኃኒቱን በጠዋት ውሰጂ፣ ከምግብ ጋር ውሰጂ፣ ጾምሽን በጸሎት አሟይ አሏቸው። እሳቸው በዓቢይ ጾም እንቁላል ባይበሉም ሰዓት ግን አይጠብቁም። ትኩሳት ሲይዛቸው መድኃኒቱን እጥፍ እንደሚያደርጉ ያውቃሉ፤ የልጅ ልጆቻቸውም በቃላቸው ይዘውታል።

ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ሐኪሟ በአማርኛ ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ አንዱ ቅጂ በቀበሌያቸው ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ አንዱ በመቀነታቸው ውስጥ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እኚህ እናት የአድሬናል ዕጢ ድክመት አለባቸው። ደጋግሞ ቢያስመልሳቸው፣ ራሳቸውን ቢስቱ፣ አጥንት ቢሰበራቸው ወይም ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋቸው ወዲያውኑ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲሶን ይወጉ፤ ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣቸው፤ ወደ ሆስፒታል ይላኩ። መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የምርመራ ውጤት አይጠበቅ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ከሥሩ አስምራበታለች። ስለ ምርመራው ያን ሁሉ ያስተማረችኝ ሐኪም ናት። ናሙና መቅዳት ከተቻለ ጥሩ፣ ካልተቻለ ይቅር አለችኝ፤ እንዲህ ባለ ሰዓት ቁጥር ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ ሰው ይገድላል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሁለት ብልቃጥ ሃይድሮኮርቲሶን ካርቶን ውስጥ አድርጋ የእቴቴን ስም ጽፋበታለች። የአገልግሎት ጊዜያቸው የሚያልፈው በጥር ነው፤ ከገና በፊት አዳዲሶቹን ገዝቼ በደብረ ማርቆስ አውቶቡስ እልካለሁ።